ሁለት ዶክትሬት በአንድ ራስ፦ አሜሪካ ሐኪም ተመራማሪዎቿን እንዴት አፈራች? ሂሳቡንስ ማን ከፈለ?

አልፍሬድ ኖቤል በዕድሜው ማምሻ የልብ ሕመም ሲጠናበት ሐኪሞቹ ያዘዙለት መድኃኒት ናይትሮግሊሰሪን ነበር። ዲናሚትን ፈልስፎ ሀብት ያካበተው በዚሁ ቅመም ነው። የሚፈነዳው ነገር ደረትን ጨምድዶ የሚይዘውን ሕመም እንደሚያስታግስ ሐኪሞች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያውቃሉ። ለምን እንደሚያስታግስ የሚያስረዳ ሰው ግን ለመቶ ዓመት ያህል አልተገኘም። ሐኪሙ ሕመምተኛውን ያያል፣ መድኃኒቱ መሥራቱን ያረጋግጣል፣ ወደሚቀጥለው ሕመምተኛ ያልፋል። የቤተ ሙከራው ሰው ደግሞ ኬሚስትሪውን ያውቃል እንጂ ሕመምተኛው አልጋ አጠገብ አይደርስም። ጥያቄው በሁለቱ መካከል ባለቤት አጥቶ ኖረ።

መልሱ ብቅ ያለው በ1977 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፈሪድ ሙራድ የተባለ አሜሪካዊ ናይትሮግሊሰሪን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ እንደሚለቅ፣ ይህም የደም ሥሮችን ጡንቻ እንደሚያላላ ደረሰበት። በ1998 ከሮበርት ፈርችጎትና ከሉዊስ ኢግናሮ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሽልማቱን ያቋቋመው ሰው ይወስደው ዘንድ የታዘዘለትን መድኃኒት ምስጢር ፈትቶ ሽልማቱን ማግኘት በራሱ የሚገርም ግጥምጥሞሽ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሙራድ ሐኪምም ተመራማሪም መሆኑ ነው። የሕክምናውንም የምርምሩንም ዶክትሬት በ1965 ያገኘው ከአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በአንድ ጥምር ፕሮግራም ነበር። ለትምህርቱም ክፍያ አልተጠየቀም።

የምግብ ቤቱ ልጅ

የሙራድ አባት አልባኒያዊ ስደተኛ ነበር። ቤተሰቡ ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ዋይቲንግ በምትባል አነስተኛ ከተማ ምግብ ቤት ከፍቶ ይተዳደር ነበር፤ ልጁም እዚያው እያስተናገደ አደገ። ሐኪም መሆን ይፈልጋል፤ የሕክምና ትምህርት ቤት ክፍያ ግን ለእንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ቀላል አልነበረም። ኮሌጅ ሳለ አንድ ጓደኛው ስለ አዲስ ፕሮግራም ነገረው። የጓደኛው አባት ኧርል ሰዘርላንድ ይባላል፤ ኦሃዮ ግዛት ክሊቭላንድ በሚገኘው የዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ የፋርማኮሎጂ ፕሮፌሰር ነበር። ዩኒቨርሲቲው በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሕክምናንና ምርምርን አጣምሮ ማስተማር ጀምሯል። የሁለቱንም ዲግሪዎች ክፍያ ይሸፍናል፤ ለኑሮ ደግሞ በዓመት 2000 ዶላር ይሰጣል። ሙራድ አመለከተ፣ ገባ።

ሰዘርላንድ ሆርሞኖች ትእዛዛቸውን ወደ ሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚያስተላልፉ በማሳየቱ በ1971 ራሱ ኖቤል ተሸለመ። ሙራድን ተከትሎ በዚያው ፕሮግራም ያለፈው አልፍሬድ ጊልማን በ1969 ሁለቱንም ዶክትሬት ይዞ ወጣ፤ በ1994 እሱም ኖቤል አገኘ። የጊልማን አባት በመላው ዓለም የሚታወቅ የፋርማኮሎጂ መማሪያ መጽሐፍ ካዘጋጁት ሁለት ሰዎች አንዱ ነበር፤ ልጁ የመካከለኛ ስሙን ያገኘው ከሌላው አዘጋጅ ነው። አንዱ ከምግብ ቤት፣ ሌላው ከምሁር ቤት መጥተው በአንድ በር ገቡ። በሩ ገንዘብ የሚጠይቅ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ውጭ መቅረቱ የማይቀር ነበር።

ሁለቱ ሙያዎች ለምን ተራራቁ?

አሜሪካ ውስጥ ሕክምናና ሳይንስ ሁልጊዜ ጎረቤት አልነበሩም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙዎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለትርፍ የተቋቋሙ ነበሩ፤ ቤተ ሙከራ የሌላቸውም ሞልተዋል። በ1893 የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የመጀመሪያ ዲግሪ ጠየቀ፤ ተማሪዎቹንም ከቤተ ሙከራና ከሕመምተኛ አልጋ ጋር አገናኘ። ከዚያ አብራሃም ፍሌክስነር የተባለ የትምህርት ባለሙያ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶችን መርምሮ በ1910 ሪፖርቱን አወጣ። ሆፕኪንስን መለኪያ አድርጎ ሌሎቹን ያለ ርኅራኄ ተቸ። በኋላ ባሉት ዓመታት ብዙዎቹ ተዘጉ ወይም ተዋሐዱ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ሕክምና ለመማር አስቀድሞ የአራት ዓመት ኮሌጅ መጨረስ የግድ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ችግሩ ሳይንሱ ባለበት አልቆመም። በ1953 የዲ.ኤን.ኤ. ቅርጽ ከታወቀ ወዲህ ሥነ ሕይወት ወደ ሞለኪውል ወረደ። አንድ ሐኪም ከሥራ ሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራ ገብቶ ዕውቀቱን የሚያካክስበት ጊዜ አለፈ። በሌላ በኩል የሕክምናው ሥልጠና ራሱ ረዘመ፤ ልዩ ሙያ በልዩ ሙያ ላይ ተደራረበ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም እንዲሉ፣ ሁለቱንም ልያዝ ያለ ሰው ከሁለቱም ሳይሆን የሚቀርበት ዘመን መጣ።

በ1964 የአሜሪካ መንግሥት ጣልቃ ገባ። የአገሪቱን የሕክምና ምርምር በዋናነት በገንዘብ የሚደግፈው ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት "የሕክምና ሳይንቲስቶች ማሠልጠኛ ፕሮግራም" የሚል በጀት ከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ተቀባዮች ሦስት ናቸው፦ ኒው ዮርክ የሚገኙት የአልበርት አንስታይን የሕክምና ኮሌጅና የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም ቺካጎ ያለው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ተማሪው የሁለቱንም ቋንቋ እንዲናገር ከተፈለገ ሁለቱን በአንድ ላይ፣ በወጣትነቱ፣ ያለ ዕዳ ይማር። ዛሬ በዚህ በጀት የሚደገፉት ፕሮግራሞች ከ40 በላይ ናቸው።

ቢጫ ቆቦች

የሐኪም ተመራማሪዎች ወርቃማ ዘመን ግን የዚህ ፕሮግራም ሥራ ብቻ አልነበረም። ጦርነትም ረድቷል።

በ1950 የወጣ ሕግ አሜሪካ ሐኪሞቿን ለይታ ለውትድርና እንድትመለምል ፈቀደ። በ1960ዎቹ የቬትናም ጦርነት ሲፋፋም ከትምህርት ቤት የወጣ ወጣት ሐኪም እጣው ጦር ግንባር ሊሆን ይችላል። አንድ ሌላ መንገድ ነበር፤ በመንግሥት የሕዝብ ጤና አገልግሎት ውስጥ ሁለት ዓመት ማገልገል እንደ ውትድርና ይቆጠራል። ሜሪላንድ ግዛት ቤተዝዳ ያለው ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩትም በዚሁ አገልግሎት ሥር ወጣት ሐኪሞችን ይቀበል ነበር። ውድድሩ ብርቱ ነበር፤ ከየትምህርት ቤቱ የላቁት ይመረጣሉ። አረንጓዴ ቆብ ከሚያደርጉት የአሜሪካ ልዩ ኃይል ወታደሮች ጋር እያነጻጸሩ ሰዎች "ቢጫ ቆቦች" ብለው ያፌዙባቸው ነበር። ቢጫ በአሜሪካኖች ዘንድ የፍርሃት ምልክት ነው።

በ1968 ቤተዝዳ ከገቡት መካከል ሃሮልድ ቫርመስ፣ ማይክል ብራውን፣ ጆሴፍ ጎልድስቲንና ሮበርት ሌፍኮዊትዝ ይገኙበታል። አራቱም በኋላ ኖቤል አገኙ። አንቶኒ ፋውቺም ወደዚያ የሄደው በዚሁ ዓመት ነው። ጎልድስቲን እዚያ ሳለ ከወላጆቻቸው በወረሱት የደም ስብ ብዛት ገና በልጅነታቸው ልባቸው የሚጠቃ ሕፃናትን አየ። ከብራውን ጋር ሆኖ ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ ቤተ ሙከራ ገባ። ኮሌስትሮልን ከደም የሚያነሣውን ተቀባይ ሞለኪውል አገኙ፤ በ1985 ተሸለሙ። ዛሬ ለልብ ጥንቃቄ የሚታዘዙት ስታቲን የሚባሉት እንክብሎች እንዴት እንደሚሠሩ የታወቀው በዚህ ግኝት ነው። ጥያቄው የመጣው ከሕመምተኛ አልጋ፣ መልሱ ደግሞ ከብልቃጥ ነው።

አብዛኞቹ ቢጫ ቆቦች የምርምር ዶክትሬት አልነበራቸውም፤ ሐኪም ሆነው ገብተው ቤተ ሙከራውን እዚያው ተማሩ። ከጦር ግንባር ለመዳን የገባው ሰው ምርምር ወድዶ ቀረ። በ1973 የግዳጅ ምልመላው ሲቆም ግን የሚገፋው ነገር ቀረ፤ ምርምርን የሚመርጥ ወጣት ሐኪምም እየተመናመነ ሄደ።

በ1979 የዱክ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ጄምስ ዊንጋርደን በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ደወሉን ደወለ። የጽሑፉ ርዕስ ሐኪም ተመራማሪውን ሊጠፋ ከተቃረበ የአውሬ ዝርያ ጋር የሚያመሳስል ነበር። እሱ ራሱ ከሦስት ዓመት በኋላ የብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት ዳይሬክተር ሆነ። ችግሩ ግን ከእሱም በኋላ ቀጠለ። በ2014 ኢንስቲትዩቱ ባወጣው ጥናት መሠረት ምርምርን ዋና ሥራቸው ያደረጉ ሐኪሞች ከአገሪቱ ሐኪሞች 1.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ጥምር ዲግሪው አማራጭ ከመሆን አልፎ ዋናው ተስፋ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መስፈርቱ ምን ይላል?

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በዚህ መንገድ ልሂድ የሚል ወጣት ምን ይጠየቃል? እያንዳንዱ መስፈርት ከኋላው ታሪክ አለው።

አንደኛ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የሳይንስ ትምህርቶች፣ ከፍ ያለ ውጤትና የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና። ይህ ከማንኛውም የሕክምና አመልካች የሚጠበቅ የፍሌክስነር ዘመን ውርስ ነው። ውጤቱ ያማረ ተማሪ ግን በዚህ ብቻ አያልፍም።

ሁለተኛ፣ የምርምር ልምድ። በአንድ የዕረፍት ወር ቤተ ሙከራ ጎብኝቶ ምስክር ወረቀት ማምጣት አይበቃም። አመልካቹ ረዘም ላለ ጊዜ የራሱ ጥያቄ ኖሮት የሠራ መሆን አለበት፤ ብዙዎቹ ከኮሌጅ በኋላ አንድ ሁለት ዓመት ቤተ ሙከራ ተቀጥረው ይሠራሉ። ለሕክምና ብቻ የሚያመለክት ተማሪ በማመልከቻው አንድ ዋና ጽሑፍ ሲጽፍ፣ የጥምር ዲግሪ አመልካች ሁለት ይጨምራል፦ ሁለቱን ዲግሪዎች ለምን እንደፈለገ የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍና ስለ ምርምሩ ዝርዝር የሚሰጥ ረጅም ጽሑፍ። አብረውት የሠሩ ተመራማሪዎች ድጋፍ ደብዳቤም ወሳኝ ነው። ይህ ሁሉ የሚጠየቀው ምርምር ምን ያህል እንደሚከሽፍ አይቶ አሁንም የሚፈልገውን ሰው ለመለየት ነው።

ሦስተኛ፣ ጊዜ። በተለመደው አካሄድ ተማሪው ሁለት ዓመት ገደማ የሕክምናውን የክፍል ትምህርት ይወስዳል፤ በመሐል የተለያዩ ቤተ ሙከራዎችን እየዞረ አማካሪ ይመርጣል። ከዚያ የሕክምና ጓደኞቹን ተሰናብቶ ወደ ምርምሩ ይገባል፤ የብቃት ፈተና ያልፋል፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሠርቶ የመመረቂያ ጥናቱን ይከላከላል። ተመልሶ ሆስፒታል ሲገባ አብረውት የጀመሩት ተመርቀው ሐኪም ሆነዋል፤ ምናልባትም እሱን የሚያዙት እነሱ ናቸው። ሁሉም ተደምሮ በአማካይ ስምንት ዓመት ይፈጃል።

አራተኛ፣ ገንዘብ። በመንግሥት በጀት በሚደገፉት ፕሮግራሞች ተማሪው የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ የወር መተዳደሪያም ያገኛል። ተበድረው ሕክምና የተማሩ አሜሪካውያን በአብዛኛው ሲመረቁ 200 ሺህ ዶላር ገደማ ዕዳ ይዘው ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ዕዳ ያለበት ሐኪም ደመወዙ ወደሚሻልበት ክሊኒክ ቢሄድ ማን ይፈርድበታል? የነፃ ትምህርቱ ዓላማ ቸርነት አይደለም። መንግሥት ሰውየው ከተመረቀ በኋላ የሚመርጠውን ሥራ ዕዳው እንዳይመርጥለት አስቀድሞ መክፈሉ ነው።

ተሠላች ጽዋ

ይህ ማለት ግን ተማሪው ምንም አይከፍልም ማለት አይደለም። በ22 ዓመቱ የጀመረ በ30 ይመረቃል። ከዚያ በልዩ ሙያ ሥልጠና ሌላ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ዓመት አለ። ትዳርና ልጅ የሚታሰብበት ዕድሜ በሙሉ በሥልጠና ያልቃል፤ ሸክሙ በተለይ በሴቶች ላይ እንደሚከብድ ግልጽ ነው። በ2014ቱ ጥናት መሠረት ሐኪም ተመራማሪዎች በራሳቸው ስም የመጀመሪያውን ትልቅ የምርምር ድጋፍ የሚያገኙት በአማካይ በ44 ዓመታቸው አካባቢ ነው። ጓደኞቻቸው በዚያ ዕድሜ ቤት ሠርተው ልጆቻቸውን ኮሌጅ ለመስደድ እያሰቡ ነው።

መንግሥት ያወጣውን ገንዘብ ያህል አገኘ ወይ? በ2010 የ24 ፕሮግራሞች ምሩቃንን የተከታተለ ጥናት ሥልጠናቸውን ከጨረሱት አሥር ምሩቃን ስምንቱ ገደማ በዩኒቨርሲቲ፣ በምርምር ተቋም ወይም በመድኃኒት ኢንዱስትሪ እንደሚሠሩ አሳይቷል። አቋርጠው የወጡት አሥር በመቶ ያህል ናቸው። ትልቁ ጥያቄ ያለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሆስፒታሉ ሕመምተኛ እንዲያዩለት ይፈልጋል፣ ለምርምር የሚተርፋቸው ሰዓት እያነሰ ይሄዳል።

የሚያስከትለውን ለመረዳት ድሩ ዋይስማንን ማሰብ ይበቃል። ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሁለቱንም ዶክትሬት ያገኘው በ1987 ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ ከባዮኬሚስቷ ካታሊን ካሪኮ ጋር ተዋወቀ። በ2005 ያሳተሙት ግኝት ያኔ ብዙ ሰው ትኩረት አልሰጠውም። ኮቪድ ሲመጣ ዓለም ክንዱን የዘረጋላቸው ኤም.አር.ኤን.ኤ. ክትባቶች የቆሙት በዚያ ግኝት ላይ ነው። ኖቤሉ በ2023 መጣ። ከምረቃ እስከ ሽልማት 36 ዓመት።

እኛስ የት አለን?

አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጃቸው ሐኪም እንዲሆን ያላቸው ጉጉት የታወቀ ነው። ስለዚህ ጥምር መንገድ ግን ብዙ ጊዜ አይወራም። "ስምንት ዓመት" የሚለው ሲሰማ ያስደነግጣል፤ "ያለ ክፍያ፣ ከነመተዳደሪያው" የሚለው ሳይነገር ይቀራል። እዚህ ላይ አንድ ሊታወቅ የሚገባው መስፈርት አለ። የፌዴራሉ የሥልጠና በጀት የሚሰጠው ለአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ላላቸው ነው። በተማሪ ቪዛ የሄደ ወጣት ዩኒቨርሲቲው ከራሱ ኪስ የሚከፍልለት ካልሆነ በዚህ በር አይገባም። ግሪን ካርድ ያለው ግን ይገባል። ይህን ሳያውቁ ልጃቸውን በዕዳ የሚያስተምሩ ቤተሰቦች ቢኖሩ አይገርምም።

አገር ቤት ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ተማሪው ከሁለተኛ ደረጃ ወጥቶ ሕክምና ይገባል፤ ምርምር የሚመጣው ከሐኪምነት በኋላ፣ ጊዜና ዕድል ከተገኘ ነው። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተመሠረተው አሜሪካ ጥምር ፕሮግራሟን በበጀት በደገፈችበት በዚያው በ1964 ነው። በዚያው ዓመት አክሊሉ ለማ አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዚያን ለሰው የሚያደርሱ ናቸው። አክሊሉ ሐኪም አልነበረም፤ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዶክትሬት የያዘ ተመራማሪ እንጂ። ግን ወንዝ ዳር ያየውን ወደ ቤተ ሙከራ ይዞ መግባት ይችል ነበር። ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት እስኪያገኙ 25 ዓመት ፈጀ። በመሐሉ ያለውን ጊዜ የበላው የገንዘብና የዓለም አቀፍ ተቀባይነት እጦት ነው። አስተውሎ የሚያይ ዓይን በድሃ አገርም ይወለዳል። ዓይኑ ያየውን ለዓመታት እንዲከታተል የሚከፍለው ግን ይቸግራል።

የአንድ ዓመት በጀት፣ የስምንት ዓመት ቃል

አሜሪካም ብትሆን ይህን ልማድ እንደ ዘላለማዊ ነገር ልትቆጥረው አይገባም። በየካቲት 2025 ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት ለዩኒቨርሲቲዎች ለምርምር ማስኬጃ የሚሰጠውን ተጨማሪ ወጪ በ15 በመቶ እንደሚገድብ አስታወቀ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ ውሳኔው ታገደ። ይሁንና በዚያው ጊዜ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በበጀት ስጋት የድኅረ ምረቃ ቅበላቸውን ቀነሱ፤ የሰጡትን የቅበላ ደብዳቤ መልሰው የሰረዙም ነበሩ።

እዚህ ላይ ሂሳቡን ማየት ጥሩ ነው። በ2025 የገባ ተማሪ የሚመረቀው በ2033 አካባቢ ነው። ልዩ ሙያውን ጨርሶ የራሱን ቤተ ሙከራ ሲከፍት 2040 ይጠጋል። በዚህ መሐል አሜሪካ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ፕሬዚዳንት ትመርጣለች፤ ምክር ቤቱም በየዓመቱ በጀት ያጸድቃል። ለተማሪው ከተዘረዘሩት መስፈርቶች ሁሉ የሚከብደው በማመልከቻው ላይ ያልተጻፈው ነው፤ እሱም የሚከፍለው ወገን ትዕግሥት ነው። ተማሪው ስምንት ዓመት እንደሚቆይ ቃል ይገባል። መንግሥት ቃሉን የሚሰጠው ለአንድ ዓመት ነው።

የ1964ቱ ሰዎች ይህን ልዩነት ተሸክመው ጀመሩ፤ ከእነሱ በኋላ የመጡት በርካታ መንግሥታትም በየዓመቱ እያደሱ አቆዩት። ፍሬውን የበሉት ግን በብዛት ከፋዮቹ አይደሉም። የደረት ሕመሙ የተለቀቀለት ሽማግሌ፣ የኮሌስትሮል እንክብሏን በየማታው የምትውጠው እናት፣ በ2021 ክንዱን ለመርፌ የዘረጋው ወጣት ናቸው። ከእነሱ ብዙዎቹ አሜሪካን በዓይናቸው አላዩም።